«ፊልም ሠሪ»ና «ፊልም አሠሪ»፦ በተማሪዎች ፊልም የፕሮዲዩሰር ኃላፊነትና የስያሜው ታሪክ

በአማርኛ «አዘጋጅ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ጋዜጣን ለኅትመት የሚያበቃው አዘጋጅ ነው፤ የራዲዮ ፕሮግራም የሚያሰናዳው አዘጋጅ ነው፤ ተዋንያንን በመድረክ ላይ የሚመራውም አዘጋጅ ይባላል። በፊልም ሙያ ደግሞ «ፕሮዲዩሰር» የተባለው ባለሙያ አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ቃል ይጠራል። ተርጓሚው «ዳይሬክተር»ንና «ፕሮዲዩሰር»ን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲያገኝ የሚቸገረው ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በታሪክ መርምረን አንድ ስያሜ ለውይይት እናቀርባለን። ለምርመራችን የመረጥነው የተማሪዎችን ፊልም ነው፤ ገንዘቡ አነስተኛ፣ ሰዉም ጥቂት በሆነበት ሥራ የኃላፊነቶች ወሰን ቶሎ ይደበዝዛልና።

መደናገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ወደ ፊት መምራት፣ ማውጣት» ነው። በእንግሊዝ ቴአትር እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ «ፕሮዲዩሰር» ይባል የነበረው፣ ዛሬ «ዳይሬክተር» የምንለው ሰው ነበር። በፊልም ዓለም ግን ሁለቱ ተለያዩ፤ ዳይሬክተሩ ለሚታየውና ለሚሰማው ጥበብ፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ ሥራው ተጀምሮ እንዲፈጸም ኃላፊ ሆኑ።

የተማሪ ፕሮዲዩሰር ተግባር ምን ምን ነው? ከቀረጻ በፊት በጀትና የጊዜ ሰሌዳ ያወጣል፤ ለመቅረጫ ሥፍራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከተዋንያን ጋር በጽሑፍ ይዋዋላል፤ የትምህርት ቤቱን ካሜራና መብራት ፈርሞ ይረከባል። በቀረጻ ጊዜ ምግቡ፣ መጓጓዣውና የሠራተኛው ደኅንነት በእርሱ ላይ ነው። ከቀረጻ በኋላ የተዋሰውን ዕቃ ይመልሳል፤ አርትኦቱ በጊዜው እንዲያልቅ ይከታተላል፤ የሙዚቃውን መብት ያስፈቅዳል፤ የእያንዳንዱ ሰው ስም በተገቢው ቦታ መጻፉን ያረጋግጣል።

ከእነዚህ አንዱ ሲቀር የሚመጣውን መዘዝ አንድ የታወቀ ፊልም ያሳየናል። ቻርልስ በርኔት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተባለውን ፊልም በ1972 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በየሳምንቱ መጨረሻ እየቀረጸ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራው፤ በ1977ም የመመረቂያ ሥራው አድርጎ ፈጸመው። ድርሰቱ፣ ዝግጅቱ፣ ካሜራው፣ አርትኦቱና ፕሮዲዩሰርነቱ ሁሉ የእርሱ ነበሩ። ፊልሙ የፖል ሮብሰንን፣ የዳይና ዋሽንግተንንና የሌሎችን ዘፈኖች ይዟል፤ ለሲኒማ ገበያ ታስቦ ስላልተሠራ ግን የዘፈኖቹ መብት አልተገዛም ነበር። በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ እስከ መግባት ቢከበርም፣ በሲኒማ ቤቶች በስፋት ሊታይ የቻለው በ2007 ነው። ለሙዚቃው መብት የተከፈለው 150,000 ዶላር፣ ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው ከአሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ይህን የምናነሣው ባለሙያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሁሉን ሥራ አንድ ሰው ሲሸከም ከካሜራው የራቀው ኃላፊነት ቀድሞ እንደሚረሳ ለማስገንዘብ ነው።

የእኛው ኃይሌ ገሪማም በዚያው ዘመን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ በርኔትም «ቡሽ ማማ» በተባለው የኃይሌ ፊልም በካሜራ ሥራ ተካፍሏል። ኃይሌ በ1974 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቀረጸው፣ በ1976 ለተመልካች የቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጸሐፊውም፣ ዳይሬክተሩም፣ ፕሮዲዩሰሩም እርሱ ራሱ ነው። ይህን አረፍተ ነገር ስንጽፍ ሁለት የውጭ ቃላት ለመዋስ መገደዳችንን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም።

ይሁንና መፍትሔው በራሳችን የጽሕፈት ልማድ ውስጥ ይገኛል። በግእዝ ብራና መጻሕፍት ፍጻሜ በሚጻፉት ማስታወሻዎች ምሕረት ሲለመን፣ የጻፈውና ያጻፈው ተለይተው ይጠቀሳሉ፤ አንዱ «ጸሐፈ» ሌላው «አጽሐፈ» በሚለው ግስ። የጻፈው ብርዕ የጨበጠው ነው። ያጻፈው ግን አንድ ፊደል ሳይጥል የብራናውንና የጸሐፊውን ድካም ዋጋ የቻለ፣ መጽሐፉም ተፈጽሞ ለአንባቢ እንዲደርስ ያደረገ ነው። በዕለት ንግግራችንም ቤት ሠሪና ቤት አሠሪ አንድ አይደሉም፤ ግንበኛው ግድግዳውን ያቆማል፣ አሠሪው ስለ ቦታው ፈቃድ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ጊዜው ይጠየቃል።

ስለዚህ «ፕሮዲዩሰር»ን «ፊልም አሠሪ» ብንለው ለግብሩ የቀረበ ይሆናል። «አምራች» የፋብሪካ ሽታ አለው፤ «ባለቤት»ም አይስማማም፤ የተማሪ ፊልም ባለቤት ትምህርት ቤቱ ሊሆን ይችላልና። «አሠሪ» «አሠሪነት»ን፣ «ረዳት አሠሪ»ንና «ተባባሪ አሠሪ»ን ያለ ችግር ያስገኛል፤ «አዘጋጅ»ም ለዳይሬክተሩ ይቀራል። አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ «አሠሪና ሠራተኛ» በሚለው የሕግ አነጋገር አሠሪ ደመወዝ ከፋይ ነው፣ የተማሪ አሠሪ ግን ጓደኞቹን ያለ ክፍያ ያሠራል። ቢሆንም «ፊልም» የሚለው ቅጽል ሐሳቡን ይወስነዋል፤ የቃሉም ፍሬ ነገር መክፈል ሳይሆን ማሠራትና ስለ ተሠራው መጠየቅ ነው።

ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ፍቺ የሚከተለው ነው። ፊልም አሠሪ (ስም)፦ የአንድን ፊልም ሥራ ከውጥኑ እስከ ፍጻሜው በገንዘብ፣ በፈቃድ፣ በውልና በጊዜ የሚመራ፣ ስለ ሥራውም ተጠያቂ የሆነ ሰው። ፊልም የሚያስተምሩ መምህራንና ተርጓሚዎች ስያሜውን በሥራ ላይ ፈትነው አስተያየታቸውን እንዲሰጡን እንጠይቃለን።