መንገዱ ዲላ ላይ ሲያበቃ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬ ዲላን ቢበዛ ለምሳ ነው የሚያውቃት። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ ግን ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው መንገድ እዚሁ ያበቃ ነበር። 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ የጭነት መኪና ዲላ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የበጋ መንገድና የጋማ ከብት ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና ዲላ ተከማችቶ ወደ ሰሜን የሚጫነውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ከተማዋን የቡና ገበያ ያደረጋት መሬቷ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ማለቅም ጭምር ነው።

መንገድ የሚያልቅበት ከተማ የመኪናም አቅም የሚያልቅበት ነው። ባሌስትራ የሚሰበረው፣ ፍሪሲዮን የሚቃጠለው ከረጅም መንገድ በኋላ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው። የተበላሸውን ጎትቶ ለመመለስ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሾፌሩና ረዳቱ ግቢ አስገብተው ራሳቸው ይፈቱታል። ዲላ ስለምትገኝበት ስለ ጌዴኦ ቡና ሲወራ ገበሬው፣ ነጋዴውና ላኪው ይነሳሉ፤ በግሪስ የተለወሰውን ረዳት የሚያስታውስ ግን የለም። ይህ ትልቅ በደል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ የመጣችውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ወራት ቆይቶ፣ በ1901 ዓ.ም. መስከረም፣ አሜሪካ ውስጥ ፎርድ ሞዴል ቲን ለገበያ አወጣ። ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተችውን ይህችን መኪና የገጠሩ ሰው በጓሮው እየፈታ ይገጥማት ነበር። እዚያ መኪናና የቤት ጥገና አብረው አደጉ፤ እዚህ ግን ተራው ሰው ሞተር በእጁ የነካው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው።

ለተራው ሰው ይህን በር የከፈተው የጣልያን ወረራ ነበር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪናዎችን በብዛት አስገባ፤ ሲሸነፍ ትቷቸው ሄደ። አገር ውስጥ የቀሩ ጣልያናዊ መካኒኮች ጋራዥ ከፈቱ። ቁልፍ የሚያቀብለው፣ ጎማ የሚነፋው፣ ማታ ከመኪናው ጋር የሚያድረው ልጅ እያየ ተማረ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ካምቢዮ እያለ በጣልያንኛ ቃላት የሚያወራው የዛሬ መካኒክ የዚያ ልጅ ተማሪዎች ተማሪ ነው። በ1943 ዓ.ም. መስከረም ዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ እየተዘረጋ ሲሄድ የጭነት መኪናውም ረዳቱን ይዞ ወደ ደቡብ ዘለቀ።

የጌዴኦ ምድር ለሞተር አይራራም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የተመዘገበው ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ያ እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፍ ሥር ተዋህደው የሚበቅሉበት አገር፣ አብዛኛው ተዳፋት ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ቡሌ ሲወጣ ከ2,500 ሜትር ይታለፋል። ከፍታው ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ 2,500 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት በማይይዝ አሮጌ ራዲያተር ጭኖ ሽቅብ ለሚወጣ መኪና ይህ ከባድ ነገር ነው። ውሃው ተንተክትኮ ያልቃል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ በሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል። ውሃ ከዘይቱ ጋር ከተቀላቀለ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲመዘዝ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል። ይህን ያየ ሾፌር ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ በትኩሱ የተፈታ ቴስታታ ይብስ ይጣመማልና። ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሀል፣ እያንዳንዳቸው በትንሽ በትንሹ ይላላሉ፤ ሲወጡም እንደ ቦታቸው ተራ ጆንያ ላይ ይደረደራሉ። ቴስታታው ወርዶ ከጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይደፋል፤ በሥሩ ብርሃን ካሳየ ተጣሟል። ያኔ መስታወቱ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ተነጥፎ፣ ክንድ እስኪዝል ድረስ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይታሻል። አዲስ ጓርኒሲዮን ከጠፋና አሮጌው ጥርት ያለ መዳብ ከሆነ፣ እሳት ላይ እስኪቀላ ይግልና ይለሰልሳል፤ እንደገና ይገጠማል። ሲታሰር ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ከመሀል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ስለሌለ የሚለካው ክንድ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ጎን አጥብቆ ጨርሶ ወደ ሌላው ከዞረ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ለቤት ጥገና የሚመቹና የማይመቹ መኪናዎች አሉ። በ1940 ዓ.ም. ብቅ ያለችው ላንድሮቨር፣ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠራት አካሏ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ አይዝግም፣ ክፍሎቿም በብሎን ይፈታሉ። በገጠር ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የሕዝብ ማመላለሻ የሆነችውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልስ ደግሞ ራዲያተር የለውም፤ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት 4 ብሎኖች ናቸው። ሽቦና ቱቦው ከተነቀለ በኋላ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ስበው ያወጡታል። የጭነት መኪና ሞተር ግን ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድና ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ይጠይቃል።

የልምድ ጥገና ሁሉን አይችልም፤ ይህ መደበቅ የለበትም። የተበላ ሲሊንደር በማሽን ካልተስተካከለ በእጅ አይድንም፤ ሬክቲፊካ ቤት መሄድ አለበት። ፍሬን በሽቦና በላስቲክ መጠገን ደግሞ ቁልቁለት በበዛበት አገር ነፍስ ያስከፍላል። ሞተር የወረደበትን ብልሃት ማድነቅ አንድ ነገር ነው፤ በእንዲህ ያለ ፍሬን ሰው መጫን ግን ሌላ።

በደርግ ዘመን የመለዋወጫ እጥረት ሲጠና ይህ እውቀት ይበልጥ ተፈለገ። ከመኪና የሚጣል ነገር አልነበረም። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ የተሰበረ ባሌስትራ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ቢላዋና መጥረቢያ ሆኖ ይመለሳል።

መንገዱ በ1960ዎቹ ወደ ሞያሌ ሲቀጥል ዲላ መጨረሻ መሆኗ ቀረ። ዛሬ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ የሚታየው በአብዛኛው ባጃጅና ሞተር ሳይክል ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ክፍል ሳይገባ በልምድ የተማረ ሰውም ለብቃት ምዘና እንዲቀርብ ፈቀደ። ለረዳቱ ልጆች ይህ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በቦታቸው የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ፒንሳና ካቻቪቴ ይዞ የሚከፍተውን ሰው ሊገድል ይችላል። ከምዘናው ጋር ለዚህም ሥልጠና ካልተዘጋጀ በቀር፣ በክንዱ ጥብቀት የሚለካው መካኒክ ፈተናውን የሚያልፈው በአሮጌዎቹ መኪናዎች ላይ ብቻ ይሆናል።