የጉግስ ጨዋታና የጦርነት አምሳል

ጨዋታ እውነቱን ምን ያህል ይምሰል? በ1986 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው «ፋሚሊ ስታዲየም» የተባለው የቤዝቦል ቪዲዮ ጨዋታ አጫጭር ሰዎችን እያሳየ ለፈጣን ደስታ ሲያደላ፥ በ1987 በአሜሪካ የወጣው «ኧርል ዊቨር ቤዝቦል» የኳሱን አካሄድና የተጫዋቾቹን መዝገብ እያሰላ እውነተኛውን ግጥሚያ ለመምሰል ደከመ። የጎጃም ፈረሰኛ ግን ይህን ጥያቄ ቀድሞ መልሶታል እንላለን።

ጉንደ ወይን በምትገኝበት በብቸናና በሞጣ አገር፥ እንደ ሌላውም ደጋ ሁሉ፥ ጉግስ የጦርነት አምሳል ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸውም ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፥ ወይም በፈረሱ ጎን ተለጥፎ ያሳልፈዋል። የጎደለው የጦሩ ብረት ብቻ ነው። ግልቢያውም መውደቁም እውነተኛ ነው፤ ጥርስ የሚያወልቅ ዘንግም አይታጣም።

ይህ ልክ ያለ ምክንያት አልተገኘም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ሲማረኩ፥ ለምኒልክ ድል የራስ ጎበና ፈረሰኞች ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። እንዲህ ባለው ዘመን ጉግስ ልምምድም ነበረ፤ ብረት ቢጨመርበት ጎረቤትን ከጎረቤት ደም ያቃባል፥ ማሳደዱና ጋሻው ቢቀርበት ደግሞ ለጦር የሚያዘጋጅ አይሆንም።

በ1928 ዓ.ም. በማይጨው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ከታዩ ወዲህ፥ ጉግስ የሚመስለው ጦርነት ራሱ እየጠፋ ሄደ። ጨዋታው ለጥምቀትና ለሠርግ ቀረ፤ ዘንጉ ግን ዛሬም የሚወረወረው ከኋላ ነው።