ከዘበኛነት ወደ አስታማሚነት

በአእምሮ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ነርስ በሥራው የሚረካው በደመወዙ ብቻ እንዳልሆነ የሙያው ታሪክ ያስረዳል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በፓሪስ አቅራቢያ በነበረው የቢሴትር ሆስፒታል የክፍሉ ኃላፊ ዣን ባቲስት ፒዩሳን፣ አስታማሚዎች ሕሙማንን እንዳይመቱ ከለከለ። እነርሱም ለደኅንነታቸው ሠግተው ተቃወሙት፤ እርሱ ግን እምቢ ያሉትን አሰናብቶ ካገገሙት ሕሙማን መካከል ምትክ መረጠ። በ1797 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የብረት ሰንሰለቱን አስወገደ።

በ1952 በፓሪስ የሳንታን ሆስፒታል ሐኪሞች ዣን ደሌና ፒየር ደኒኬር ክሎርፕሮማዚን በተባለው መድኃኒት የሕሙማንን ሁከት አበረዱ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሙያው መሠረት ነርስ ከሕመምተኛ ጋር የምትመሠርተው ግንኙነት መሆኑን አስረዳች። ስለሆነም ነርሷ ቀኗን በር በመቆለፍና ኪኒን በማደል ብቻ የምታሳልፍ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ቢወልቅም ሥራዋ ከዘበኛነት አልወጣም፤ የሙያ እርካታም ከዚያ አይገኝም።