ውኃውን ያመላለሱ እጆች

በምኖርበት በቨርጂኒያ፣ ከሳሎኔ ጥግ ባቆምሁት የባሕር አኳርየም ውስጥ አንድ ለስላሳ ኮራል አለኝ። ሳርኮፊተን ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት እንጉዳይ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን ከላዩ እንደ አበባ የሚወዛወዙት ነገሮች ሁሉ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። አንድ ሰሞን ታዲያ ይህ ፍጥረት ተኮማተረ። ፖሊፖቹን ወደ ውስጥ ሰበሰበ፤ መልኩ ደበዘዘ፤ ሰም የተቀባ የሚመስል ስስ ሽፋን ለበሰ። ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥሁ። መብራቱን ለወጥሁ፤ ቦታውን ቀየርሁ፤ ከገበያ የገዛሁትን መድኃኒት ጠብ አደረግሁበት። ባከምሁት ቁጥር ባሰበት። አውጥቼ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግራ ሲገባኝ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ሰው ኮራልን ከባሕር አርቆ ማኖር የቻለው እንዴት ነው? የደከመውንስ በምን አበረታው? ያገኘሁትን ላካፍል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩን ከቀይ ባሕር ልነሣ። በ1820 ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ወጣት ጀርመናውያን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ወደ ግብፅ ዘለቁ፤ ከዚያም የቀይ ባሕርን ዳርቻ ያስሱ ጀመር። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ፣ ለስላሶቹንም ጨምሮ የቀይ ባሕርን ኮራሎች የሚዘረዝረውን ጥናት በ1834 በርሊን ላይ አሳተመ። እስከ በርሊን የደረሱት ናሙናዎች ግን ሕይወት አልነበራቸውም። ኮራልን በሕይወት ማቆየት ሌላ ዕውቀት ይጠይቅ ነበር።

የዚህ ዕውቀት ጭላንጭል የታየው በአንዲት የቄስ ባለቤት ቤት ነው። ወይዘሮ አና ቲን በ1846 ቶርኪ ከተባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ኮራሎች ለቅመው ወደ ለንደን ወሰዱ። ኮራሎቹ ለስላሶቹ ሳይሆኑ ድንጋያማዎቹ ነበሩ። እመቤቲቱ በመርፌና በክር ከሰፍነግ ጋር ሰፍተው አስቀመጧቸው። የባሕር ውኃ እንደ ልብ አይገኝምና ያለውን ማደስ ግድ ሆነ። ስለዚህ የቤት ሠራተኛይቱ ክፍት መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባለት ነበር። በ1847 እመቤቲቱ የባሕር አረም ጨመሩበት፤ አረሙ በብርሃን ኃይል ኦክሲጅን ይሰጣልና። ኮራሎቹ ከመኖርም አልፈው ተራቡ። ይህን የሚተርከው ጽሑፋቸው በ1859 ታተመ። ስም ያተረፉት እመቤቲቱ ናቸው፤ ክንዷ የዛለው ግን ሠራተኛይቱ ናት።

ኮራል ሲጨነቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1928 እና በ1929 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ የሠራው የእንግሊዞች ጓድ አየ። የጓዱ መሪ ዮንግ ከባልደረባው ጋር በ1931 እንዳሳተመው፣ ሙቀት የበዛበት ኮራል በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች አውጥቶ ይተፋል። ዛሬ እንደሚታወቀው እነዚህ አልጌዎች በብርሃን ምግብ እየሠሩ ለኮራሉ ያካፍሉታል። እነርሱ ሲወጡ ኮራሉ ይነጣል፤ ይራባልም። ጭንቀቱ ቶሎ ከተወገደለት ግን በውስጡ የቀሩት ተባዝተው መልኩ ሊመለስ ይችላል።

በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ዘዴውን ገለጸ። ያኔ ብዙዎች ውኃውን በማጣሪያ መሣሪያ ሲያጥቡ፣ እሱ ነፍሳት ያሉበትን ድንጋይ ከነሕይወቱ ከባሕር አምጥቶ፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ ሰጠው። በድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላሉታል። ኋላም በ1970ዎቹና በ80ዎቹ፣ ኤረንበርግ ጥናቱን ባሳተመባት በርሊን፣ አኳርየም ወዳዶች ሕያው ድንጋይን ከብርቱ መብራትና ቆሻሻን በአረፋ ከሚለይ መሣሪያ ጋር አጣመሩ። ዘዴው እስከ ዛሬ በከተማይቱ ስም ይጠራል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ እጄን ታዘብሁት። እነዚያ ሰዎች የደከሙት ለውኃው ነው፤ እኔ ደግሞ ኮራሉን ራሱን ስነካካ ሰነበትሁ። መድኃኒቱን ተውሁ። ኮራሉን ወደ ለመደው ቦታ መለስሁ። ጨውነቱን በሺህ 35፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አካባቢ አጸናሁ። ለስላሳ ኮራሎች ጎረቤታቸውን የሚጎዳ ኬሚካል ወደ ውኃው ይለቃሉና፣ ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል አስገባሁ። ከውኃው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀየርሁ። በመጨረሻም የውኃ ማንቀሳቀሻውን ሞገድ ኮራሉን ሳይመታ ዳብሶት እንዲያልፍ አዞርሁት። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነበር።

በ11ኛው ቀን ሰም የመሰለው ሽፋን እየተላጠ በሞገዱ ተወሰደ። ለካ ሳርኮፊተን አልፎ አልፎ ቆዳውን መግፈፍ ልማዱ ኖሯል፤ እኔ ግን ሞት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። እርግጥ ሁሉም መኮማተር እንዲህ አይደለም። ሥጋው ከጠቆረ፣ ከላመና ከሸተተ መበስበስ ነው፤ ያን ጊዜ የተበላሸውን በንጹሕ ምላጭ ቆርጦ ማንሣት ያሻል። ጤነኛው ክፍል መልሶ ያድጋል።

ማታ ማታ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ፖሊፖቹ ሲወዛወዙ አያለሁ። የማንቀሳቀሻው ድምፅ በቤቱ ውስጥ ይሰማል፤ ያቺ የለንደን ሠራተኛ በክንዷ ትሠራው የነበረውን ሥራ ያለ ድካም ይሠራል።