ታይኮ ከበዓል ሜዳ ወደ መድረክ፦ በመሥራቾች ታሪክ ላይ የቀረበ ሙግት

ታይኮ ስለሚባለው የጃፓን የቡድን ከበሮ እስካሁን የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የመሥራቾች ታሪክ ነው። ትረካው ሁልጊዜ የሚጀምረው በ1951 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በናጋኖ ግዛት፣ በኦካያ ከተማ፣ ኦጉቺ ዳይሃቺ የተባለ የጃዝ ከበሮ መቺ መጠናቸው የተለያየ ከበሮዎችን አሰባስቦ በአንድነት እንዲመቱ አደረገ፤ ኦሱዋ ዳይኮ የተባለው ቡድንም ተወለደ። ቀጥሎ ሱኬሮኩ የተባለው የቶኪዮ ቡድን ይመጣል። በ1969 ዴን ታጋያሱ በሳዶ ደሴት ኦንዴኮዛን ያቋቁማል፤ ከኦንዴኮዛ የወጡት ደግሞ በ1981 ኮዶን መሥርተው በበርሊን መድረክ ላይ ይታያሉ። በዚህ አተራረክ በየሰፈሩ በዓል የሚመታው ከበሮ የታላላቆቹ መድረኮች ትርፍራፊ ሆኖ ይቀራል።

ይህ መጣጥፍ የሚሞግተው ይህንን ቅደም ተከተል ነው። ታይኮ ከመድረክ ወደ በዓል አልወረደም፤ ከበዓል ሜዳ ወደ መድረክ ወጣ እንጂ። ዘሩን ያበዛለትም የኮንሰርት አዳራሽ ሳይሆን በበዓላት ዙሪያ ያደገው የማኅበረሰብ ወርክሾፕ ነው።

ስለ እስያ አሜሪካውያን ማንነት፣ ስለ ፆታና ስለ ሰውነት አንጄላ አልግሬን በ2018፣ ዴቦራ ዎንግ ደግሞ በ2019 ያሳተሟቸው መጻሕፍት ጠንካሮች ናቸው፤ በእነሱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ጠቤ ሾን ቤንደር በ2012 ካሳተመው «ታይኮ ቡም» ጋር ነው። መጽሐፉ በዘርፉ መሠረታዊ እንደሆነ አልክድም። ቤንደር ከበሮ ሠሪዎችን ከተረሱበት አንስቷል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የተስፋፉትን አዳዲስ የከተማ በዓላትም መርምሯል። ነገር ግን ታሪኩን ያዋቀረው በቡድኖች የዘር ሐረግ ነው፦ መጀመሪያ ኦሱዋ፣ ሱኬሮኩና ኦንዴኮዛ፣ ከዚያ ኮዶና ተከታዮቹ። በዓሉ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ፣ የተዘጋጀውን ጥበብ እንደሚቀበል ቦታ ሆኖ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ከበሮውን የፈጠሩት ጥቂት ብርቱ ወንዶች እንደሆኑ፣ ሕዝቡም ጥበቡን ከእነሱ እንደተቀበለ ያምናል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል።

ከሱኬሮኩ እንጀምር። የዚህ ቡድን ወጣቶች ያደጉት በኦቦን በዓል ከበሮ ነው። ኦቦን በበጋ ወራት የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ተብሎ የሚከበር የቡድሃ እምነት በዓል ነው። በሜዳው መካከል ያጉራ የሚባል የእንጨት ማማ ይቆማል፤ ከበሮ መቺው ማማው ላይ ይወጣል፤ የሰፈሩ ሰው፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ዙሪያውን እየዞረ ይጨፍራል። የሱኬሮኩ መለያ ሆኖ ዓለምን የዞረው ባጋደለ ማቆሚያ ላይ ያረፈ ከበሮና መላ ሰውነትን የሚያሳየው አመታት የተቀዳው ከዚህ ነው። በቶኪዮ በዩሺማ ቴንጂን መቅደስ አካባቢ ወጣቶች በኦቦን ከበሮ ይወዳደሩ ነበር፤ የተካኑትም ተሰባስበው ቡድን ሆኑ። እንግዲህ በመድረክ ላይ ከምናየው ሁሉ ዓይን የሚስበው አቋም የሰፈር ጭፈራ ልጅ ነው።

ኦጉቺስ? እርሱም ቢሆን ከባዶ አልተነሣም። በእጁ የገባው ከሱዋ መቅደስ ጋር የተያያዘ አሮጌ የከበሮ ምት ጽሑፍ ነበር። ምቱን ለብዙ ከበሮዎች አከፋፍሎ ማቀናበሩ የጃዝ ሰው ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ቅንብር ምንጭ አይሆንም። የተቀናበረው ነገር አስቀድሞ ለመቅደሱ የተመታ ነው።

ከጃፓን ውጭ ስንሄድ ቅደም ተከተሉ ይበልጥ ይጠራል። ሴይቺ ታናካ የተባለ ጃፓናዊ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከሄደ በኋላ በ1968 በከተማዋ የቼሪ አበባ በዓል ላይ ተገኘ፤ በዓሉ ከበሮ የሌለው መሆኑን አየ። በዚያው ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ታይኮ ዶጆን መሠረተ፤ ወደ ጃፓን ተመልሶ ከኦጉቺ ዘንድ የተማረውም ከዚያ ወዲህ ነው። በዓሉ ጎደለኝ ያለውን ሊሞላ መምህር ፍለጋ ሄደ። የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ጸሐፊዎች ግን ከኦጉቺ ወደ ታናካ የሚወርድ ቀስት ይስላሉ፤ ታናካን ወደ ኦጉቺ የላከው በዓል ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል።

በ1969 በሎስ አንጀለስ በሴንሺን የቡድሃ ቤተ መቅደስ የሆነው ከሁሉ ይልቅ ይናገራል። የኦቦን በዓል አልቆ ከበሮው ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል፣ ካህኑ ማሳኦ ኮዳኒና የቤተ መቅደሱ ወጣቶች መምታት ጀመሩ፤ እጃቸው እስኪላጥ ሳያቆሙ ቀጠሉ። ኪናራ ታይኮ የተባለው ቡድን የተወለደው በዚያ ምሽት ነው። ከዚህ በስተጀርባ ከጃፓን የመጣ ታላቅ መምህር የለም። ያላቸው አንድ ከበሮ፣ አንድ በዓልና የራሳቸው ጉጉት ነበር። በ1973 በሳን ሆዜ የተነሣው ቡድንም የወጣው እንዲሁ ከቡድሃ ቤተ መቅደስ ወጣቶች መካከል ነው።

የኪናራ ሰዎች ከበሮ ለመግዛት አቅሙ አልነበራቸውም። ናጋዶ የሚባለው የጃፓን ከበሮ ከአንድ ወጥ ግንድ፣ ምርጡም ኬያኪ ከተባለው ዛፍ፣ ተቦርቡሮ የሚወጣ ነው፤ ግንዱ ለዓመታት መድረቅ አለበት፤ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ኪናራዎች ያገለገለ የካሊፎርኒያ የወይን ጠጅ በርሜል ወሰዱ። የኦክ እንጨቱን ጣውላዎች በሙጫ አጣበቁ፤ ላዩን ላጉና አለሰለሱት፤ የከብት ቆዳ በውኃ ዘፍዝፈው በገመድ ወጠሩት፤ በምስማርም ዙሪያውን ቸነከሩት። በአሜሪካ የከበሮ ሠሪዎች ዘንድ ቆዳውን ከሥር ገፍቶ ለመወጠር የመኪና ክሪክ መጠቀም የተለመደ ነው። ኪናራዎች ዘዴውን አልደበቁም፤ ለጠየቀ ሁሉ አስተማሩ፤ በርሜሉም ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ፣ ከበዓል ወደ በዓል ተዛመተ። በእኔ ግምት ይህ በርሜል የታይኮ ታሪክ ጸሐፊዎች ያላነበቡት ዋነኛው ሰነድ ነው። የመሥራቾች ቃለ መጠይቅ ማን መጀመሪያ እንደመታ ይነግረናል፤ በርሜሉ ግን ጥበቡ እንዴት እንደበዛ ያሳያል። ከበሮ በሌለበት ደግሞ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ የመኪና ጎማ ለልምምድ ይበቃል፤ እስካሁንም በዚያ የሚማሩ ብዙ ናቸው።

ወርክሾፑም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ሰልጣኙ በመጀመሪያ ዱላውን አይጨብጥም፤ በአፉ ይላል። የከበሮው መካከል ሲመታ «ዶን»፣ ፈጠን ሲል «ዶኮ»፣ ጠርዙ ሲመታ «ካ» ይባላል። ኩቺ ሾጋ የሚባለው ይህ የቃል ትምህርት ኖታ ማንበብ የማይችለውን ሕፃንም አያትም እኩል ያስተናግዳል። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ እጅ ይከተላል፤ እግር ሰፋ ብሎ ይቆማል፤ ጉልበቱም ከትከሻ ሳይሆን ከወገብ ይመጣል። ቤንደር በመጨረሻው ምዕራፉ የኒፖን ታይኮ ፋውንዴሽን ያዘጋጀውን የመማሪያ መጽሐፍ ይመረምራል፤ አንድ ወጥ ቴክኒክ መደንገጉ የሚያስከትለውን ሥጋት ያነሣል። ሥጋቱ ተገቢ ነው። መጽሐፉ ግን የመጣው በአፍ የሚተላለፈው ትምህርት ታይኮን ለአሥርት ዓመታት ካስፋፋ በኋላ ነው፤ ይህን የመሰለ ረጅም ዘመን በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ጥላ ሥር ማየት ሚዛኑን ያዛባል።

የአንድ ሰዓት ወርክሾፕ ከበሮ መቺ አያወጣም የሚል ተቃውሞ ይሰማል። አያወጣም። ጥያቄው ግን ከበሮ መቺው መጀመሪያ ዱላ የጨበጠው የት ነው የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ የጃፓኑን መስፋፋት በመንግሥት ገንዘብ ያስረዳሉ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ታኬሺታ መንግሥት በ1988 እና በ1989 ለየማዘጋጃ ቤቱ 100 ሚሊዮን የን ሲያድል ከበሮ የገዙ ከተሞች ነበሩና። ገንዘብ ከበሮ ይገዛል፤ ለምን ከበሮ እንደተመረጠ ግን አይነግረንም። ሁሉም ቡድን በአንድ መንገድ አልተነሣምና አባባሌ ከየአገሩ ተጨማሪ ጥናት ጋር መመዘን አለበት፤ ኦንዴኮዛን የመሰለ፣ ወጣቶችን በአንድ ደሴት ሰብስቦ በሩጫና በከበሮ ያሰለጠነ ቡድን በዚህ ማዕቀፍ በቀላሉ አይገባም። ሆኖም ከኦንዴኮዛ የወጣው ኮዶ ከ1988 ጀምሮ በሳዶ ላይ የራሱን ዓመታዊ በዓል ያከብራል፤ በበዓሉም ወርክሾፕ ይሰጣል።

ሊታለፍ የማይገባው አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ የበዓል ሜዳው ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። የከበሮውን ቆዳ የሚያለፉት ቡራኩ የሚባሉ የተገለሉ ወገኖች ነበሩ። የመገለል ደረጃቸው በሕግ የተሻረው በ1871 ቢሆንም መገለሉ ቀጥሏል። ቆዳ ፋቂን እየናቀ በሥራው የሚጠቀም ኅብረተሰብ ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ እውነት የበዓሉን ገጽታ ያጠቁረዋል፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም፤ ሠሪውን ከመቺው የለየው ግንብ መናድ የጀመረው በማኅበረሰቡ ቡድኖች እጅ ነውና። በሎስ አንጀለስ በርሜሉን የላገው፣ ቆዳውን የወጠረውና በኦቦን ማታ የመታው አንድ ሰው ነበር። በ1987 ደግሞ በኦሳካ ናኒዋ፣ ለብዙ ትውልድ ከበሮ ሲሠራበት በኖረው የቡራኩ ሰፈር፣ ወጣቶች ኢካሪ የተባለውን ቡድን አቋቁመው አባቶቻቸው ለሌሎች መቺዎች ሲሠሩት የኖሩትን ከበሮ ራሳቸው በአደባባይ መቱ።