ከውቅራት እስከ ሌዘር

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ደወለችና «ድዴን ላስቀላ ነው» አለችኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ፀጉር ማስቀላት አለ፣ ቅንድብ ማስቀንደብ አለ፣ ጥርስ ማስነጣት አለ። ድድ ማስቀላት ግን ለጆሮዬ አዲስ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ እንደ ብዙዎቻችን ድዷ ጠቆር ይላል። «ስስቅ ፎቶ ላይ አያምርም» ትላለች። ሠርጓ ጥር ውስጥ ነው። የጥርስ ክሊኒኩ «ግማሽ ሰዓት ብትፈጅ ነው፣ ምንም አያምም» ብሏታል፤ ቀጠሮዋ ደግሞ ከሠርጉ አራት ቀን በፊት። «አልፈራሽም?» አልኳት። «እኔ? በራስ መተማመኔ ሙሉ ነው!» አለች። ሁለት ደቂቃ ያህል ስለ ቬሎ ካወራን በኋላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ፣ መርፌው ድድ ውስጥ ነው እንዴ የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሮጌ ነገር የማገላበጥ አመል ብቻ ነው ያለኝ። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ሳይሆን ወደ አያቴ ቤት ሄድኩ።

አያቴ የጎጃም ሰው ናቸው። ሲስቁ የላይኛው ድዳቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ውቅራት ይባላል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ንቅሳት ማለት አንገትና ግንባር ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። በአማራውም በትግራዩም አገር ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ጥላሸት ይዘጋጃል፤ ድዱ በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች እየተወጋጋ ጥላሸቱ ይታሽበታል፤ ቁስሉ ሲድን ቀለሙ እውስጥ ይቀራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ድድ ሲጠቁር ጥርስ በረዶ ይመስላል። በዚያ ላይ ድድ ያጠነክራል፣ የጥርስ ሕመም ይከላከላል የሚል እምነትም ነበረበት። (ፍንጭትም እንዲሁ ውበት ነበር። የዛሬው ልጅ ያንኑ ፍንጭት ለመዝጋት ሁለት ዓመት ሽቦ አስሮ ይዞራል። ውበት የሚሉት ነገር አድራሻው አይታወቅም።)

«እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው። አያቴ ግን ከሕመሙ ይልቅ አብዝተው ያወሩኝ ስለ ዝግጅቱ ነው። ነቃሿን ያውቋታል። የአክስታቸውን ድድ የነቀሰችው እሷ ናት፤ የአክስታቸው ድድ ከዳነ በኋላ ምን እንደሚመስል ደግሞ ዓመት ሙሉ ሲያዩት ከርመዋል። ስንት ቀን እንደሚያብጥ፣ ስንት ቀን በርበሬ እንደማይቀመስ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። የተነቀሱት ከሠርጋቸው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ጓደኞቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ፤ አንዷ ራሳቸውን ደግፋ ትይዛለች፣ አንዷ እጃቸውን። «ማልቀሱንስ አለቀስኩ፤ ግን አልደነገጥኩም» አሉኝ።

ይህቺ «አልደነገጥኩም» የምትል ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ።

የድሮውን ለማወደስ እንዳይመስላችሁ። ያው መርፌ ከአንዷ አፍ ወጥቶ ሳይቀቀል ወደ ሌላዋ አፍ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ከታወቁ በኋላ ነው «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የተዘመረው። የጉበት ቫይረስም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። ከዚህ የከፋውን ደግሞ ያዩት ሕፃናት ናቸው። የሕፃን የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ተቅማጥ ይድናል ጉሮሮ ይጠራል እየተባለ። አያቴ ቢያንስ ተጠይቀዋል።

እንግዲህ የአያቴን ልቅሶ ለማስቀረት ከተራመዱት ትልልቅ እርምጃዎች አንዱ የተጀመረው ሌላ አገር፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1844፣ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ሃርትፎርድ ከተማ፣ ጋርድነር ኮልተን የሚባል ሰው በሚያስቅ ጋዝ ሕዝብ ያዝናና ነበር። ትኬት ከፍለህ ትገባለህ፣ ጋዙን የሳቡ ሰዎች ሲፈነጥዙ ታያለህ። ከተመልካቹ መካከል የ29 ዓመቱ ጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ ተቀምጧል። ሳሙኤል ኩሊ የሚባል ወጣት ጋዙን ስቦ ሲሯሯጥ እግሩን ክፉኛ ይጎዳል፤ ተመልሶ ሲቀመጥ ደሙ እየፈሰሰ ነው፣ እሱ ግን አላወቀም። ሌላው ሰው ሲስቅ ዌልስ አሰበ። በማግስቱ ጠዋት ኮልተንን ጠርቶ፣ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዙን ስቦ፣ መንጋጋውን አስነቀለ። አላመመውም። በራሱ አፍ ላይ መሞከሩን ልብ በሉልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ያሳዝናል። ዌልስ ነገሩን ለዓለም ለማሳየት ቸኮለ። በጥቂት ሕሙማን ላይ እንደሞከረ፣ ጃንዋሪ 1845 ላይ ቦስተን ሄዶ በሕክምና ተማሪዎች ፊት ጥርስ ሊነቅል ቆመ። የጋዙ ከረጢት ከታካሚው አፍ ቶሎ ተነሳ። ታካሚው ጮኸ። አዳራሹ በፉጨትና በ«አጭበርባሪ!» ተሞላ። ታካሚው በኋላ ያን ያህል እንዳላመመው ተናግሯል ይባላል፤ ግን ማን ይስማው። በዓመት ከምናምን ውስጥ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1846፣ የዌልስ የቀድሞ ተማሪና ባልደረባ የነበረው ዊልያም ሞርተን በዚያው በቦስተን፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፣ በኤተር ታካሚ አስተኝቶ ዓለምን አስደነቀ። ዌልስ በራሱ ላይ ክሎሮፎርም ሲሞክር ሱስ ያዘው፤ ኒውዮርክ ውስጥ ታስሮ፣ ጃንዋሪ 1848 ላይ በ33 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ክብሩን የመለሰለት በ1864 ነው።

እኔን የገረመኝ ጋዙ እውነተኛ መሆኑ ነው። ያው ጋዝ ዛሬም በጥርስ ሐኪሞች ክሊኒክ ይሠራበታል። የከሸፈው መድኃኒቱ ሳይሆን ጥድፊያው ነበር።

የዌልስን መንጋጋ የነቀለው ሰው ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ከዌልስም በላይ ይቀርባል። ጆን ሪግስ ይባላል። ሪግስ ዕድሜውን የጨረሰው ድድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድድ የሚያሳብጠውና ጥርስ የሚያነቃንቀው በጥርስ ዙሪያ ተጋግሮ ድንጋይ የሚሆነው ቆሻሻ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በሽታው ለብዙ ዓመት «የሪግስ በሽታ» እየተባለ ይጠራ ነበር። በዘመኑ የታመመ ድድ ቆርጦ መጣል የተለመደ ሕክምና ነበር። ሪግስ ግን አይቆረጥ፣ መጀመሪያ ይጠረግ አለ። ዛሬ ማንም ደህና ሐኪም የድድ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት «ጥርስሽን ታጠቢ፣ ድድሽ መድማቱን ያቁም» ሲል የሪግስን ቃል ነው የሚደግመው። የሚደማ ድድ ላይ ለውበት ቢላ ወይም ሌዘር ማሳረፍ፣ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ግድግዳ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ወደ መርፌው ጥያቄ ልመለስ፤ ጓደኛዬ እየጠበቀች ነው። ሰውን ሳያስተኙ አንድ ቦታ ብቻ ማደንዘዝ የተጀመረው በ1884 ነው። ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ ኮኬይን ዓይን ላይ አንጠባጥቦ ዓይኑ እንደሚደነዝዝ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ሃልስቴድ የመንጋጋን ነርቭ በመርፌ አደነዘዘ፤ ሲሞክር ሲሞክር ግን ራሱ የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። በ1905 ኖቮኬይን መጣ። በ1943 ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ሊዶኬይንን ሠራ፤ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት ደግሞ መድኃኒቱን በራሱ አካል ላይ እየወጋ ፈተነው። ዛሬ ጓደኛዬ ድድ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው እሱ ነው። አዎ፣ መርፌው ድድ ውስጥ ነው የሚገባው። አስቀድሞ የሚቀባ ማደንዘዣም አለ፣ ከሌለ ጠይቂ። ደም እንዳይበዛና ድንዛዜው እንዲቆይ አድሬናሊን ስለሚቀላቀልበት ልብ ለጥቂት ደቂቃ ድው ድው ሊል ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው «ሞትኩ» ብሎ ይነሳል፤ የተነገረው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልዩነቱ ይቺው ናት።

የፎቶውን ነገር ያመጣው ሆሊውድ ነው። በ1930ዎቹ ቻርልስ ፒንከስ የሚባል ጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋንያን ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ይሠራላቸው ነበር። የሕፃኗ ተዋናይት የሸርሊ ቴምፕል የወተት ጥርሶች ሲወልቁ ክፍተቱን ካሜራው እንዳያየው የሸፈነው እሱ ነው። ሆኖም ሽፋኑ የሚለጠፈው ለቀረፃው ያህል ነበር፤ ሲበሉም ሲተኙም ይወልቃል። በ1955 ማይክል ቡኖኮር የጥርስን ገጽ በአሲድ ማሻከር ሙጫውን እንደሚያጣብቅ እስኪያሳይ፣ ከዚያም በ1980ዎቹ የሸክላው ቬኒር እስኪመጣ ድረስ፣ «የሆሊውድ ሣቅ» የተባለው ነገር ማታ ሳጥን ውስጥ የሚያድር ዕቃ ነበር ማለት ነው። አሁን ግን ለቬኒር ብዙ ጊዜ የራስህ ጥርስ ይሞረዳል፤ የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ አይበቅልም። ይህን የምለው ቅንጦት ነው ለማለት አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂን በመሰሉ ቦታዎች፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ጠጥተው ያደጉና ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ስንት ልጆች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደሚስቁ አይቻለሁ። ለእነሱ ቬኒር ቅንጦት አይደለም።

ጥቁር ድድስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ጥቁር ድድ በሽታ አይደለም። ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን ነው ድዳችንንም ያጠቆረው። «ጤናማ ድድ ሮዝ ነው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ማስታወቂያው የተቀዳው ከሌላ አገር ሰው አፍ ነው። የሚያስፈራው የሚደማ፣ የሚያብጥ፣ መግል የሚይዝ ድድ ነው፤ ከዚያም ድንገት የመጣ አዲስ ጥቁር ነጥብ፣ እሱን ሐኪም ይየው። ከዚህ ውጪ ቀለሙን ላንሳ ማለት የምርጫ ጉዳይ ነው፣ መብትም ነው። የላይኛው ስስ ሽፋን በቢላ ወይም በሌዘር ይነሳል፤ ገጹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይሸፍናል፤ ሙሉ በሙሉ ለመርጋት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቀለሙ ደግሞ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የአያቴ ዓይነቱ ውቅራት የተለየ ጣጣ አለው፤ ጥላሸቱ ጠለቅ ብሎ ስለተቀበረ እንዲህ በቀላሉ ተነሥቶ አይሄድም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ያልኳት ይህን ነው። ከሠርግ አራት ቀን በፊት ድድ አይነካም፤ ያበጠ ከንፈር ይዘሽ ጥሬ ሥጋና ዶሮ ወጥ እያየሽ ልትቀመጪ ነው? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ችግር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ አለርጂ፣ እርግዝና ካለ ሳትጠየቂም ተናገሪ። «አስፕሪን እኮ መድኃኒት አይደለም» የሚል ሰው አውቃለሁ። መድኃኒት ነው፤ ደም ያበዛል፤ ሐኪም ያዘዘልሽ ከሆነ ግን በራስሽ አታቋርጪው። ሲጋራ የድድን ቁስል ያዘገያል፤ ከሙሽራው ጋር አብራችሁ ተዉት። ድድ ብቻ የሚደነዝዝ ከሆነ ቁርስ በልተሽ ሂጂ፤ የምትተኚ ከሆነ ግን ስለ ጾሙ እነሱን ጠይቂ። ዕቃው የተቀቀለበት ፖስታ ፊትሽ ይቀደድ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ነውሩ መቆጣቱ ነው። ከዚያ በፊት የሠሩትን ሰው ፎቶ አሳዩኝ በይ፤ የወጣበት ዕለት ሳይሆን ዓመት የሞላው። ከጨረስሽ በኋላ ከንፈርሽ ለጥቂት ሰዓት ስለሚደነዝዝ ትኩስ ቡና አትቅመሺ፣ ሳታውቂው ይፈጅሻል።

ቅዳሜ ይዣት አያቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። አያቴ «እስቲ ሳቂ ልየው» አሏት። ሳቀች። ትንሽ አተኩረው አዩና «ይኼንን ነው ልታስወጪው? እኔ ጎረምሳ ሙሉ እጄን ይዞኝ አልቅሼ ያገኘሁትን፣ ላንቺ በነጻ ተሰጥቶሽ?» አሉ። ጓደኛዬ ከልቧ ሳቀች፤ ድዷ ሁሉ ታየ። «ጓደኞቼ ነበሩ የያዙኝ አላሉኝም እንዴ እማማ?» አልኳቸው። «አንዱ ጎረምሳ ነበር» አሉና ወደ ጀበናው ዞሩ።

ሰኞ ዕለት ጓደኛዬ ክሊኒኩ ደወለችና ከሐኪሙ ጋር አገናኙኝ አለች። አምስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፋ ነበር። ሐኪሙ በትዕግሥት መለሰላት። «ቀለሙ ይመለሳል ወይ?» ስትለው ትንሽ ዝም ብሎ «ሊመለስ ይችላል» አላት። እስካሁን ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም ነበር። ቀጠሮውን ወደ ሚያዝያ አዛወረችው።