ናይትሮጅኔዝ

ናይትሮጅኔዝ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ የሚለውጡበት ኢንዛይም ነው። የማዳበሪያ ፋብሪካ ለዚሁ ሥራ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀትና ብርቱ ግፊት ሲሻ፣ ባክቴሪያው በአፈሩ ተራ ሙቀት መፈጸሙ እጅግ ያስደንቃል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል የህዋስ ኃይል ተሸካሚ ከሆነው ሞለኪውል፣ ከኤቲፒ፣ ቢያንስ 16 ይወጣል፣ ኦክስጅንም ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። አሞኒያ በአካባቢው ሲበዛ ባክቴሪያው ኢንዛይሙን መሥራት የሚያቆመውም በዚህ ከባድ ዋጋ ምክንያት ነው።

በባቄላ ሥር እባጭ ውስጥ ያለው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ናይትሮጅኑን ለተክሉ ስለሚሰጥ፣ ኢንዛይሙ ለባክቴሪያው ዕድገት ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሳል። እውነት ነው፣ በባቄላ እባጭ ውስጥ መልካቸውን ለውጠው ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት የባክቴሪያው ህዋሳት ራሳቸው አይባዙም። ነገር ግን ተክሉ በምላሹ ካርቦን ይመግባል፤ መልካቸውን ያልለወጡት ወገኖቻቸውም እባጩ ሲበሰብስ ወደ አፈር ይመለሳሉ። የረቂቅ ህዋሳት ተመራማሪው ቤይሪንክ በ1901 እ.ኤ.አ. የገለጸው አዞቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ተክል ይኖራል፤ ናይትሮጅን ባነሰው አፈር ፕሮቲኑን የሚገነባው በዚሁ ኢንዛይም ነው።